ሊጡ ቀን አለው፤ ቧንቧው ግን የለውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቤተሰብ ዓምዳችሁ ሥራ የሚበዛባቸው ወላጆች የቤት ውስጥ ሥራን ዛሬ ነገ ማለት እንዲተዉ የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በማለዳ መነሣትን፣ የሥራ ዝርዝር መጻፍን፣ ከቀላሉ መጀመርንና ራስን መሸለምን ይመክራሉ። ክፋት የለውም። ነገር ግን በጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ልጆች እያሳደገች በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ለምትሠራ ሴት የተጻፈ አልመሰለኝም። ማለዳ መነሣቱን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሚሞላው ጸሐፊው በሚተኙበት ሰዓት ነው።

በጽሑፉ የማልስማማው ሥራን የሚያቆየው ስንፍና ነው በሚለው ላይ ነው። እኔ በቤቴም በመሥሪያ ቤቴም የማየው ሌላ ነው። ቀን የተቆረጠለት ሥራ ይሠራል፤ ያልተቆረጠለት ይከርማል።

በቤታችን እንጀራ መጋገር ለሌላ ቀን ተላልፎ አያውቅም። ቀላል ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ከቤት ሥራ ሁሉ ወገብ የሚቆርጠው እሱ ነው። ሊጡ አንዴ ከተቦካ ግን የእኔን ድካም አይጠይቅም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የቀረረውን ውሃ ደፍቼ አብሲት ካልጣልኩበት ይኮመጥጣል፤ ኩፍ ካለ ደግሞ ምጣዱ መጣድ አለበት። መብራት ቢጠፋ እንኳ ወደ ግቢው የጋራ ማብሰያ ቤት ወርደን በእንጨት እንጋግራለን እንጂ «ይደር» የሚል የለም። የእድር መዋጮም እንዲሁ ነው። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ያሳለፈ ይቀጣል፤ ስለዚህ ምንም ነገር የሚረሳው ባለቤቴ እንኳ እድር አይረሳም።

የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ግን ሲያንጠባጥብ ከረመ። የሚያስፈልገው አንዲት ጎሚኒ መቀየር ነበር። ቧንቧ አይኮመጥጥም፣ አይቀጣም፣ ስለዚህ ማንም አይነካውም። ያጠረው የልጆች ልብስ፣ የላላው የቁም ሣጥን ማጠፊያ፣ ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሎ የተቀመጠው ደረሰኝና የክትባት ካርድ ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ይባስ ብሎ የመብራት ክፍያም እዚህ ወገን ገብቷል። ድሮ ሰልፍ ይዘን ስንከፍል ቀኑን ጠብቀን፣ ከአለቃ ፈቃድ ለምነን እንሄድ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. መጥቶ በስልክ መክፈል ከተለመደ ወዲህ ግን ታክሲ ውስጥም አልጋ ላይም ሆኖ መክፈል ይቻላል፤ በየትኛውም ሰዓት የሚቻል ነገር ደግሞ በየትኛውም ሰዓት አይሠራም።

በሙያዬ የማውቀውም ይህንኑ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። በዓመቱ ውስጥ የተጓተተው ሁሉ በዚያ ወር ይጠናቀቃል፣ አምሽተንም ቢሆን። ራሳችንን ሸልመን አይደለም፤ ቀኑ ያሠራናል።

የሰኔ መከራ ግን ለሒሳብ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ የበርበሬም ነው። ዛላው ተገዝቶ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተሸክሽኮ ታፍኖ ያድርና እንደገና ይሰጣል። ከዚያ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ ታምሶ ይጨመርና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ግንቦት ካመለጠ ክረምቱ ይገባል፤ በረንዳ ላይ የተሰጣው በርበሬ ይሻግታል፤ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ የተፈጨ በርበሬ ከገበያ መግዛት ነው። ሰው «ጊዜ ሳገኝ» እያለ የሚያመልጠው እንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ከሩቅ ሲታይ ቀኑ ሰፊ ነው።

እኛ በአንድ ሕንፃ ያለን ሴቶች ያገኘነው መላ ዝርዝር መጻፍ አይደለም። ከዳግማዊ ትንሣኤ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ የእኔ በርበሬ ነው፤ የሚቀጥለው የጎረቤቴ፤ ከዚያ የሦስተኛ ፎቋ። ገበሬው በወንፈል እንደሚያርሰው ማለት ነው። ቀኑን ለጎረቤት ከነገሩ በኋላ መሰረዝ ነውር ነው። እሷ ቢላዋዋንና ሰፌዷን ይዛ ደጃፌ ላይ ስትቆም ደክሞኛል ልላት አልችልም። እኔም በተራዬ እሷ ቤት እገኛለሁ። ወሬውና ቡናው ደግሞ ትርፍ ነው።

ቧንቧውና መሰሎቹም ቀን ተቆርጦላቸዋል፦ ደመወዝ ከገባ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ። ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት በዚያን ቀን አይሠራም። የመብራቱ ክፍያ ደግሞ ከእድር ጋር ተያይዟል፤ ባለቤቴ እድር ከፍሎ ወደ ቤት ሳይመለስ በስልኩ ይከፍላል።

«ሠራተኛ ቅጠሪ» የሚሉኝ አሉ። ደመወዟን ከየት አመጣለሁ የሚለውን ልተወውና፣ ሠራተኛ ልብስ ታጥባለች እንጂ ቧንቧ ሠሪ መቼ እንደሚጠራ አትወስንልኝም። የሚያደክመው ውሳኔው ነው። ትልቋ ልጄም አለች የሚሉ አሉ። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ በዚያ ላይ ሥራው ሁሉ ወደ ሴት ልጅ የሚፈስበት ምክንያት አይታየኝም። ወንድሟ ጫማውን ያጥባል፤ ሰሐን ማጠቡንም፣ እያጉረመረመም ቢሆን፣ ጀምሯል።

ለዓምዱ ጸሐፊ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉ ወላጆች እያለ ይጀምርና ከመካከል ጀምሮ እናቶች ይላል፤ ከጎኑ የታተመው ሥዕል ላይም መጥረጊያ የያዘችው ሴት ናት። በሚቀጥለው ጊዜ አባቶችን ቢያነጋግሩ ምን ይላሉ? ባለቤቴ ፈቃደኛ ነው፤ ከደመወዝ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ብቻ ተዉለት።

ከአክብሮት ጋር
የሦስት ልጆች እናት
ጀሞ፣ አዲስ አበባ