የድሮውን የአጨዋወት ልክ የሚመልሱ ልጆች ሌቦች አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የሰው የቪዲዮ ጨዋታ ፋይል ከፍተው የሚነካኩ ወጣቶችን ሁሉ በሌብነት ጠቅልለው ከሰዋል። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ ተከሳሾቹ ደግሞ ደንበኞቼ ናቸው። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጨዋታ ገልብጦ መሸጥ ሌላ፣ የቀረ የአጨዋወት ስልት መልሶ መሥራት ሌላ ነው። የድብድብ ጨዋታ ወዳጅ የሚናፍቀው ሥዕሉን ሳይሆን እጁ የለመደውን ነው። በፈረንጆቹ 1999 የወጣውን የስትሪት ፋይተር ሦስተኛ ትውልድ፣ ሰርድ ስትራይክን ውሰዱ። ምት ሲመጣ ጆስቲክን ወደ ኋላ ጎትቶ መከላከል የማንም ነው፤ እዚያ ግን ምቱ ሊያርፍ ሲል ወደ ባላጋራው ገፋ አድርጎ መመከት ይቻላል። ቅጽበቷን የሳተ ምቱን ሙሉውን ይቀምሳል። በ2004 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው ኢቮ በተባለው የድብድብ ጨዋታዎች ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ ይጫወትበት የነበረው ገጸ ባሕርይ፣ የኬን ጉልበት ሊያልቅ ጭል ጭል ሲል፣ የተጋጣሚው የጀስቲን ዎንግ ገጸ ባሕርይ ቹን ሊ የሰነዘረችውን 15 ተከታታይ ምት አንድ በአንድ መክቶ አሸነፈ። ልጆቹ ያንን ቪዲዮ ሲያዩ ምቶቹን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። በ2008 ቀጣዩ ስትሪት ፋይተር ሲመጣ ያ አመካከት አልነበረም።

ወዳጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሙገን የሚባል፣ ኤሌክባይት የተባለ ቡድን በ1999 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ የገዛ ራስን ተደባዳቢ መሥራት፣ የድሮውንም አመካከት መጨመር ይቻላል። በደካማ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በፍላሽ ይዞራል። ደንቡ የሚጻፈው በተራ ጽሑፍ ስለሆነ ኖትፓድ ይበቃል። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፋይሉን ከፍቶ አንድ ቁጥር አሳየኝ፦ 15። ፕሮግራሙ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚቆጥር፣ ተጫዋቹ የእሳት ኳስ የሚያስተኩሰውን የቁልፍ ቅደም ተከተል ጨርሶ ለመስጠት የሰከንድ ሩብ አለው ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን ሲያሳንሰው ጓደኞቹ የእሳት ኳሱ አልወጣ ብሏቸው ጮኹበት፤ ከፍ ሲያደርገው ደግሞ ማንም እየነካካ ይተኩስ ጀመር። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር የሒሳብ መምህራቸውን በቅናት የሚገድል ነበር።

አባቴ ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልኩ ነው የሰው፣ ወይስ ቅኔው?» ልኩ አልኳቸው። የጉባኤ ቃናን ልክ የተከተለ ተማሪ ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ጉባኤ ፊት ያቀረበ ግን ያፍራል አሉኝ። ከሳሻችን ይህን ልዩነት ቢያዩት ደስ ባለኝ።

ኩባንያዎችም ንጹሕ አይደሉም። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2001 ያወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሌ የተባለው የድብድብ ጨዋታ ፈጣን ነበር፤ በ2008 የተተካበት ብሮውል ግን ቀርፋፋ ሆኖ፣ ጭራሽ ተዋጊው ሲሮጥ በዕጣ ይደናቀፋል! የሚሌን ፍጥነት ለመመለስ ፕሮጀክት ኤም የተባለውን ሞድ፣ ማለትም በወጣ ጨዋታ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ፣ የሠሩት ወዳጆቹ ናቸው፤ እነሱም በ2015 ሥራውን አቆሙ።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ቦታም አለ። ሥዕሉና ገጸ ባሕርያቱ የባለቤቱ ናቸው፤ ሞድ ሠርቶ በእነሱ ብር የሚሰበስብ ሰው ሌባ ቢባል አልከራከርለትም። እኔ ዘንድ ሙገን የሚገኘው ጥግ ላይ ባለች አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ልጆች በነፃ ይጫወቱበታል፤ መብራት እስካለ ድረስ።

ለትምህርት ቤቶቻችን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የኮምፒውተር ክፍሎቻችሁ ቅዳሜ ቀን ቁልፍ ናቸው። ቁጥር መቀየር የሚፈልጉት ልጆች ደግሞ አንዷን ኮምፒውተሬን ከበው ይጋፋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢከፈቱላቸው እኔ ደንበኛ ባጣም ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት፣ ከፍኖተ ሰላም