ንባቡን ሳትጨርሺ ጻፊ

ልጄ፣

በስልክ «ገና ብዙ የማነበው አለ፣ እሱን ልጨርስና የመመረቂያ ጽሑፌን መጻፍ እጀምራለሁ» ስትይኝ ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። ተረጋግቼ ልጻፍላት ብዬ ነው። እኔም በዶክትሬት አልፌበታለሁ፣ ከዚያ ወዲህም የስንቱን ተማሪ ረቂቅ አንብቤያለሁ። ንባቡን ጨርሶ መጻፍ የጀመረ ሰው ግን አላየሁም። ንባብ አያልቅማ! አንዱ አርቲክል ሌላ አምስት ይጠቁምሻል፣ እነሱም ሌላ። ደግሞ ማንበብም ሥራ ስለሆነ ሕሊናሽ አይወቅስሽም። ቀኑን ሙሉ አንብበሽ ማታ ደክሞሽ ትተኛለሽ፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ለአማካሪሽ የምታሳዪው አንድ ገጽ የለም።

ስለዚህ ከአሁኑ ጻፊ። ምዕራፍ ጻፊ አላልኩሽም። አንድ ጽሑፍ አንብበሽ ስትጨርሺ፣ ሳትዘጊው፣ በራስሽ ቃል አራት አምስት መስመር አስፍሪ፤ ምን አለ፣ በምን ማስረጃ አለ፣ የቱ ጋ አላሳመነኝም፣ ለእኔ ጥያቄ ምን ይጠቅመኛል። ዋናዋ የመጨረሻዋ ነች። እሷን መመለስ ካቃተሽ ጽሑፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ላንቺ ግን አይደለም፣ እለፊው። ቀለም መቀባት ብቻውን አይረዳሽም፤ ከስድስት ወር በኋላ ስትመለሺ ለምን እንዳሰመርሽበት አታስታውሺውም። ጀርመናዊው ሶሺዮሎጂስት ኒክላስ ሉማን በዚህ ዓይነት ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ ኖሮ 90,000 ገደማ የማስታወሻ ካርድ ትቶ ነው ያለፈው። ካርዶቹ ቁጥር ስላላቸው አንዱ ወደ ሌላው ይመራል፣ መጽሐፎቹንም የጻፈው ከእነሱ እያወጣ ነው። አንቺ የካርድ ሣጥን አያስፈልግሽም። ዞቴሮ የሚባለው ያነበብሽውን ጽሑፍ የሚያደራጅልሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ አለልሽ፣ ማስታወሻሽን እዚያው ጽሑፉ ሥር ማስቀመጥ ትችያለሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጽሑፉን ስታስገቢ የደራሲው ስምና ዓመቱ በትክክል መግባቱን ወዲያው እዪ። ስም ተገልብጦ፣ ዓመት ጎድሎ የሚገባበት ጊዜ አለ፣ ማስረከቢያው ሲደርስ ያንን ሁሉ መልቀም መከራ ነው።

ፋይሎችሽን ደግሞ ከወዲሁ መልክ አስይዣቸው። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባል ነገር አልፈልግም። ስሙን በቀን ጀምሪው፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ 2025-03-14 ብለሽ ከጻፍሽው ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርልሻል። ጥሬ ዳታሽን አትንኪው፣ የምትሠሪው ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከምትሠሪበት ቦታ ውጭ። ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልኝ ክላውድ አለኝ ብለሽ ደግሞ አትዘናጊ። ከላፕቶፕሽ ጋር እኩል የሚራመድ ክላውድ በስህተት ያጠፋሽውን ከዚያም ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ላይም ገልብጪ።

ስለ ሰዓት ብዙ አልልሽም፣ ራስሽን ታውቂዋለሽ። አእምሮሽ ንጹሕ የሆነበትን ሰዓት ለጽሑፍ ስጪው፣ ኢሜይሉ ይቆይ። መጀመር እምቢ ሲልሽ ፍራንቸስኮ ቺሪሎ የሚባለው ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያመጣትን ዘዴ ሞክሪ፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ጽሑፉ ከያዘሽ ግን ሰዓቱ ጮኸ ብለሽ አታቋርጪ። ላፕቶፑን ከመዝጋትሽ በፊት ደግሞ ለነገ አንድ መስመር ተዪ። «ነገ ምዕራፍ 3 እቀጥላለሁ» ሳይሆን «ሠንጠረዥ 4 ላይ ያለው ድምር ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም፣ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሪ» የምትል። ጠዋት ከየት ልጀምር እያሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ያን ጊዜ ይቀራል።

አሁን በጣም ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፣ ወደ አማካሪሽ። ተማሪ ሥራው ወደኋላ ሲቀር ያፍርና ይደበቃል። ኢሜይል አይመልስም፣ ቀጠሮ ያራዝማል፣ «ትንሽ ላስተካክለውና» እያለ ወራት ያልፋሉ፣ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይዞ የሚቀርበው ነገር ከቆየበት ጊዜ ጋር እንዲመጣጠን ስለሚፈልግ ጭራሽ መቅረብ ያቅተዋል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እንዲህ ሆነው ሲቀሩ አይቻለሁ፣ እና እባክሽ፣ አንቺ አትደበቂ። ያላለቀውን አሳዪ። «ይሄ ረቂቅ ነው፣ ሁለተኛው ክርክር አልጠነከረልኝም፣ እሱን ይዩልኝ» ብለሽ ከቀጠሮው ቀደም ብለሽ ላኪ። ምን እንዲያዩልሽ እንደምትፈልጊ ካልነገርሻቸው ነጠላ ሰረዝ ሲያርሙልሽ ይውላሉ። ከስብሰባው ስትወጪ በዚያው ቀን የተስማማችሁበትን በአጭሩ ጽፈሽ ላኪላቸው። ብዙ ተማሪ ነው ያለባቸው፣ ይረሳሉ፣ ሐሳብም ይቀይራሉ። ያቺ ኢሜይል ያን ጊዜ ታስፈልግሻለች።

ይሄ ሁሉ ባንዴ አይሆንም፣ እኔም አልጠብቅም። በዚህ ሳምንት አዲስ ጽሑፍ አታውርጂ፤ ባነበብሽው ላይ ብቻ ተመሥርተሽ የጥናትሽን ጥያቄ፣ እስካሁን ሰው ምን እንደመለሰና ምን እንደጎደለ በሁለት ገጽ ጻፊ። ክፍት የሆነው ቦታ ላይ «እዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል» ብለሽ እለፊው፣ ቀጥሎ የምታነቢው እሱን ነው። ለአማካሪሽ ስትልኪ ለእኔም ላኪልኝ፣ በዚያው ሌሊት አነበዋለሁ።

አባትሽ