ለጽዋ ማኅበራችን አባላት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

የአራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ንትርክ ወደ ማኅበራችንም የገባ ይመስላል፤ መዋጮ የተጠየቀ ሁሉ ያኮርፋል። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 «ፍቅር ይታገሣል» ያለው ለሙሽሮች አልነበረም፤ በዳኛ ፊት ለሚካሰሱ፣ በማዕድም ሳይጠባበቁ ለሚበሉ ምእመናን ነው እንጂ። (እኛ ገና ፍርድ ቤት አልደረስንም፤ ተመስገን!) ሰልፍ ጥሶ ከፊታችን የሚገባው ሰው ምናልባት ጥቁር አንበሳ የተኛ ልጅ ይኖረዋል። ምናልባትም ዝም ብሎ ባለጌ ነው፤ ትእዛዙ ግን እርሱንም ይጨምራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ እንገናኝ። የተኳረፋችሁ አብራችሁ ኑ። ዝክሩን የምታዘጋጀው እኅታችን ብቻዋን ስለሆነች፣ ጉልበት ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ቤቷ ድረሱና እንጀራውን ተሸከሙላት።