እናቴ ሰዓቷን አላስተካክልም ብላለች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ የትመን፣ ጎጃም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሦስታችንም፣ ባለቤቴን ከጨመርሁ አራታችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ እንዳላጫውትዎት እማዬ ስልኩን ከእጄ ትነጥቅና «ሁሉ ሰላም ነው፣ ሂሳብ እንዳይቆጥርባችሁ» ብላ ትዘጋዋለች። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ባገኝ ጊዜ ቁጭ ብዬ ጻፍሁልዎት። የሚያነብልዎት ታናሽ ወንድሜ ስለ ቋንጣው ያለውን እንዳይዘል አደራ።

እማዬን ይዤ ከእናንተ ከተነሣን በኋላ፣ ከደጀን ቁልቁል ዓባይን ስንወርድ ሕፃኗ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እማዬ «ጡት ስጫት፤ ጆሮዋ ተደፍኖ ነው» አለችኝ፤ ሰጠኋት፣ ዝም አለች። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲያዘቀዝቅም ያችኑ ቃል ደገመችልኝ። የሕፃናት ሐኪሟም ከመሄዴ በፊት የመከረችኝ ይህንኑ ነበር፤ ሕፃን ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። እማዬ ከዚያ በፊት አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ዓባይን ግን ስንት ጊዜ ወርዳዋለች! አስተናጋጇ ከፊታችን ካለው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የሕፃን አልጋ ስታመጣልን ግን «ልጅ እንደ አገልግል አይሰቀልም» ብላ መለሰቻትና ሌሊቱን ሙሉ ታቅፋት አደረች። እኔ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ከወለድሁ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ቋንጣው። ሥጋ ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል መሆኑን ገና የትመን ሳለን ሁለት ጊዜ ነግሬያት «እሺ» ብላኝ ነበር። እዚህ ደርሰን ሻንጣ ስንጠብቅ ጆሮው የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻ ከጠባቂው ጋር መጥቶ የእሷን ሻንጣ አሸተተ። አልጮኸም፤ አጠገቡ ቁጭ ብቻ አለ። «ምስኪን፣ እርቦት ነው» አለች። ሻንጣው ሲከፈት፣ ከበርበሬው ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎና ዙሪያው ተሰፍቶ ቋንጣው ወጣ። ሠራተኛው ዕድሜዋን አይቶ ይመስለኛል፣ ሳይቀጣን ወሰደውና በርበሬውን፣ ሽሮውንና በሶውን መለሰልን። እሷን እስከ ዛሬ የሚያሳዝናት መወሰዱ አይደለም፤ «ላገኘው ውሻ እንኳ አላቀመሱትም» እያለች ነው።

ባለቤቴ መኪና ይዞ ጠበቀን። እዚህ አገር ሕፃን ከኋላ ወንበር፣ በራሱ መቀመጫ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በቀበቶ ይታሰራል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሕጉ ይህ ነው። እማዬ አንቀልባዋን አውጥታ ቆማ ስታይ ቆየችና «ምን አጥፍታ ነው?» አለች። ቤት እስክንደርስ እጇን በቀበቶው ሥር አስገብታ የልጅቷን ደረት ይዛ ሄደች።

በማር ተጣልተናል፣ ይህንን አልደብቅዎትም። የሰጡንን ማር ከፍታ፣ ጣቷን አስነክራ ወደ ልጅቷ አፍ ስታስጠጋ እጇን ያዝሁት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ በውስጡ ሊገኝ የሚችል ተሕዋስ ገና ባልጠና አንጀት ውስጥ መርዝ ይሠራል። ይህንን ባስረዳት «አንቺን በምን ያሳደግሁሽ መሰለሽ?» ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። እባክዎ እርስዎ አንድ ቃል ይላኩላት፤ የእኔን ባትሰማ የእርስዎን ትሰማለች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወስጃት «የአገሬን ሰው አጣሁ» ብላ ሳትጨርስ አንዲት የቢቸና ሴት አገኘች። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይፈልገኛል? ለፍልሰታ አብረው ሊያስቀድሱ ተቀጣጥረዋል።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቷ ነው። ያችን የእጅ ሰዓት አላስተካክልም ብላለች። አሁን በበጋቸው እኛ ከእናንተ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነን። አገር ቤት ደግሞ ሰዓት የሚቆጠረው ከማለዳ ስለሆነ ከፈረንጅ ቆጠራ በስድስት ይለያል። ተቀናንሶ የእሷ ሰዓት ከግድግዳችን ሰዓት በአንድ ብቻ ይቀድማል። «ለአንድ ሰዓት ነው እንዲህ የምትጨቀጭቂኝ?» ትለኛለች። የእሷ ሦስት ሰዓት ጠዋት፣ የግድግዳው ሁለት ሰዓት ግን ድቅድቅ ሌሊት መሆኑን ባስረዳትም አልተረታችም። ፀሐይዋም አታግዘኝም፤ በአገር ቤት ቆጠራ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አትጠልቅም። «መግቢያዋን ረስታው ነው» ትላለች እማዬ በመስኮት እያየች።

ልጅቷም አምስት ሳምንት እናንተ ዘንድ ከርማ ያንኑ ሰዓት ይዛ መጥታለች። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትጫወታለች። ሁለት ሌሊት ይዣት ስዞር አነጋሁ። በሦስተኛው ብንን ስል አልጋዋ ባዶ ነው። ደንግጬ ሳሎን ስገባ እማዬ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ሰዓቷን ፊቷ ላይ ደቅናባታለች።

«ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አያትሽ ይኼኔ ሁለተኛውን ጥማድ እያረሱ ነው። ቦራው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ይጎትታል። ቢቆጡትም አይሰማ!»

ልጅቷ የሰዓቱን ማሰሪያ አፏ ውስጥ ከታ ታላምጣለች። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ሂጂ ተኚ፤ ላንቺ ሌሊት ነው» አለችኝ።

ቅር አለኝ? ትንሽ። ግን ሄጄ ተኛሁ።

ጠይቂልኝ ያለችኝ ይህ ነው፦ የታችኛው ዋልካ ተዘራ ወይ? ጥጃዋ ጡት ጣለች ወይ? ማታ ማታ ዶሮዎቹን ማን ያስገባል? ቦራውስ ከጥንዱ ጋር ተስማማ ወይ? መልሱን ቶሎ ይላኩልን፤ ሌሊት ለልጅቷ የምታወራት ወሬ እያለቀባት ነው።

ልጅዎ