ከሱና ከውሃው መሃል

ካምፓላ፣ ኅዳር 20

የኔ እህት፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ትምህርት ቤት የወዳጅ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለውን የለ? ግን አንድ ዓመት ጠፍቶ የከረመ ሰው «እንደምን ሰንብተሻል» ሲል አያፍርም? እኔ አፈርኩ። ስለዚህ ከሐፍረቱ ልጀምር።

እማማ ስታርፍ ጫካ ውስጥ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ናሙና ልሰበስብ ቡዶንጎ ገብቼ፣ ስልኬ አሥራ ሰባት ቀን ኔትወርክ አላየም። ወጥቼ ማሲንዲ ከተማ ስደርስ መልእክቱ ሁሉ ባንዴ ተንጋጋ። ሰልስቱ አልፏል፣ አሥራ ሁለቱም አልፏል። ደወልኩልሽ። ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ዘጋሁት። ምን ብዬ ላናግርሽ? በሷ እጅ ስንት እንጀራ የበላሁ ልጅ፣ በሦስተኛው ሳምንት «ሰማሁ» ልበል? ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ አርባ ሆነ። ከአርባ በኋላማ በምን ፊቴ?

አንቺም አልደወልሽም። አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን አልደውልም ነበር።

ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ ትዪኛለሽ። ጉማሬ ነው ያስጻፈኝ። እሱ ጋ እደርሳለሁ፣ መጀመሪያ ያለሁበትን ላሳይሽ። ይኸውልሽ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ባየሁ ቁጥር በልቤ ላንቺ ስነግርሽ ነው የኖርኩት። ተጠራቅሞብኛል።

ካምፓላን አዲስ አበባ በያትና ሙቀት ጨምሪባት። ኮረብታው እንደዛው፣ ግፊያውም እንደዛው። ስሟ ራሱ የኢምፓላ ኮረብታ ማለት ነው ይላሉ፣ ድሮ ሚዳቋ መሳይ ኢምፓላ ይግጥባት ስለነበር። ዛሬ ኢምፓላ የለም። አባ ኮዳ ግን እንደ ጉድ ነው። ሀዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደን አንዱ ሲከተልሽ የጮኽሽውን ታስታውሻለሽ? እሱው ነው። እዚህ መንገድ ዳር ዛፍ ላይ ይወልዳል፣ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ቆሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቁልቁል ያይሻል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ያቺ ኮዳው ተንጠልጥላ። እግሩ ነጭ ይመስላል እንጂ ነጭ አይደለም። ሲሞቀው በገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፣ እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያበርድለታል። ይህን ክፍል ውስጥ የተማርኩ ዕለት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ከክፍል ወጥቼ በዛፉ ሥር አለፍኩ። የቀረውን አንቺው ጨርሺው።

አንድ ነገር ግን ካገሬ እንዳልወጣሁ አድርጎኛል። ሰዓታቸው! በመጣሁ ሰሞን አንዱን የቦዳ ሹፌር (ሞተር ሳይክል ታክሲ ነው) ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት ትመጣልኛለህ ብለው «ሳዋ ቢሪ» አለኝ። ቆጠርኩት፣ ሁለት ሰዓት። የኛ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት! በቋንቋቸው፣ በሉጋንዳ፣ ቀኑ የሚቆጠረው እንደኛ ከንጋት ነው። አብራኝ የምትማረው የውጭ አገር ልጅ ሁለት ሰዓት ሲሏት ከሰዓት በኋላ መስሏት ስንቴ ቀጠሮ አሳልፋለች። እኔ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። በሌላው ሁሉ ተሳስቻለሁ።

አሁን ደግሞ የንሴኔኔ ወቅት ነው። ዝናቡን ተከትሎ በኅዳር የሚመጣ አረንጓዴ ፌንጣ ነው። ሰዉ ሜዳ ላይ ዓይን የሚያጠፋ አምፖል ያበራል፣ ከሥሩ ቆርቆሮ አጋድሞ ያቆማል። ፌንጣው በብርሃኑ ይሳባል፣ ቆርቆሮው ያንሸራትተዋል፣ በርሜል ውስጥ ይገባል። ጠዋት ሴቶቹ ክንፉንና እግሩን እየነቀሉ በሳህን ይሸጡታል። በራሱ ስብ ጠብሰው በጨው ይበሉታል። አንቺ ፊትሽን ስታጨማድጂ ታየኝ። እኛ አንበጣ ሲመጣ ቆርቆሮ እየደበደብን እናባርራለን፣ እነሱ በቆርቆሮ ይይዙታል። ዓምና አንዱን ቀመስኩ። ልንገርሽ? የተጠበሰ የዶሮ ቆዳ የመሰለ ነው። ዘንድሮ ጾም ነው ብዬ አመለጥኩ። የክፍሌ ልጅ «ፌንጣ ሥጋ ነው እንዴ?» ብሎ ሲከራከረኝ መልስ አጣሁ። አባን ጠይቂልኝ።

ይሄው ልጅ ግን ከጎረቤቱ ቤት ንሴኔኔ አይነካም። ጎረቤቱ የንሴኔኔ ጎሳ ናቸው፣ እነሱ ፊት መብላት ይከብደዋል። ቡጋንዳ ውስጥ (ካምፓላ ያለችበት ግዛት ነው) እያንዳንዱ ጎሳ አንድ እንስሳ ወይ ተክል አለው፣ የራሱን አይበላም። የአንበሳ ጎሳ አለ፣ የነብር አለ፣ የጉማሬ አለ፣ ሳንባ ያለው የዓሣ ዓይነት እንኳ ጎሳ አለው። «ያንቺስ?» ብሎኝ ዝም አልኩ። ምን ልበለው፣ ጎጃሜ ነኝ?

መልሱን ጫካ ውስጥ አገኘሁት። ቡዶንጎ ትልቅ ጫካ ነው። ማሆጋኒው ሽቅብ ሲታይ አንገት ያሳምማል። ቺምፓንዚዎቹን ገና ሳታዪያቸው ትሰሚያቸዋለሽ። ከመሬት እንደ ግድግዳ ተነጥሎ የሚወጣውን የዛፍ ሥር እንደ ከበሮ ይደልቁታል፣ ከዚያ ጩኸቱ ይከተላል። በመጀመሪያው ቀን ፀጉሬ ቆመ። እነሱን በሌላ ደብዳቤ፣ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ይወጣቸዋል።

አንድ ጠዋት ሬንጀሩ (የጫካው ጠባቂ ነው) ቆም አለና ወደ ላይ ጠቆመኝ። «ጉዌሬዛ» አለ። ምን? «ጉዌሬዛ፣ ኮሎበስ ጉዌሬዛ።» ቀና ስል ጥቁርና ነጭ፣ ጋቢ የለበሰ የመሰለ፣ ጅራቱ እንደ ጭራ የተንዠረገገ። ጉሬዛ! የኛው ጉሬዛ! ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ እኛ አገር አይቶት በ1835 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአማርኛ ስሙ መዝግቦት ኖሯል። ዓለም ሁሉ ሳያውቀው አማርኛ ይናገራል ማለት ነው። ስንት ዓመት ይህን ስም መጽሐፍ ላይ በላቲን ፊደል አንብቤዋለሁ መሰለሽ፣ የኛ መሆኑን ልብ ያልኩት ግን ያን ቀን ከዩጋንዳዊ አፍ ስሰማው ነው። ካምፓላ ስመለስ ልጁን «ጎሳዬን አገኘሁት፣ ጉሬዛ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። ለካ የጉሬዛ ጎሳ አላቸው፣ ንጌዬ ይባላል፣ እሱ ራሱ ደግሞ ከነሱ ነው! ከዚያ ወዲህ እህቴ እያለ ነው የሚጠራኝ።

(ሬንጀሩ ቀስ ብሎ የነገረኝን ላንቺ ብቻ፦ ቺምፓንዚዎቹ እዚያ ጫካ ጉሬዛ እያደኑ ይበላሉ። ለዘመዴ አልነገርኩትም።)

የጫካው ታሪክ ግን በክብር አላለቀም። አንገቴን አንጋጥጬ ጉሬዛ ስቆጥር የቆምኩት ጉንዳን መንገድ ላይ ነበር። ጉንዳን ጎበዝ ነው፣ ባንዴ አይነክስም። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይሰማራል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው፣ ጉልበቴ ላይ ነው ስል፣ አንዱ ትእዛዝ የሰጠ ይመስል ሁሉም ባንዴ! ሱሪዬን እዚያው አወለቅኩት። አዎ፣ ሬንጀሩ ፊት። ደግነቱ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱን ጎትቼ ሳወጣው ገላው በእጄ ቀረ፣ ጭንቅላቱ ሥጋዬን ነክሶ እንደያዘ ነው። ለካ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት የመጀመሪያው ትምህርት ነበር፣ እኔ ፋሽኑን ጠልቼው ነው የተውኩት። አሁን ካልሲዬ እስከ ጉልበቴ ነው።

ወባም ሁለት ጊዜ ይዞኛል። የባሕር ዳር ልጅ ስለ ወባ አትጽፍም፣ ይለፈኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወደ መርቺሰን ፏፏቴ ሄድን፣ ክፍሉ በሙሉ። መንገድ ላይ ዚዋ የሚባል የአውራሪስ መጠበቂያ አለ። ዩጋንዳ ውስጥ አውራሪስ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ጠፍቶ አልቆ ነበር። በኋላ ጥቂት ከኬንያ፣ ሁለት ደግሞ ከአሜሪካ አምጥተው እንደገና ጀመሩ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ግልገል ተወለደ። አባቱ ኬንያዊ፣ እናቱ አሜሪካዊት። ስሙን ማን አሉት? ኦባማ! በእግር ነው የምትጠጊያቸው። አንዷ ስትግጥ ቆመን አየን። ያን ሁሉ ገላ ይዛ፣ ከሳሩ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም።

ፏፏቴው ላይ ስደርስ ደግሞ አንቺ በሌለሽበት ማየቴ አናደደኝ። ጢስ ዓባይ ዘርጋ ብሎ፣ ተንሰራፍቶ ነው የሚወርደው አይደል? ይሄኛው ተጨንቆ ነው። ያ ሁሉ ወንዝ ሰባት ሜትር ያህል በሆነች የድንጋይ ስንጥቅ ተጎትቶ ይገባና 43 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። የቆምሽበት ድንጋይ ይንቀጠቀጣል። ነጩ ዓባይ ነው። ይሄው ውሃ ስንት አገር ዞሮ ካርቱም ላይ ከኛው ጋር ይገናኛል። ለጀልባው ሹፌር የሌላኛው ዓባይ ልጅ ነኝ ብለው «አማቾች ነና!» አለኝ።

ማታ ወንዙ ዳር ድንኳን ተከልን። የኔን ትንሽ ራቅ አድርጌ ተከልኩ፣ አንዷ ታንኮራፋለች። ሳሩ ላይ የተደላደለች ቀጭን መንገድ ነበረች፣ የሰው መሰለችኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሽንቴ መጣ። ወጣሁ፣ ወደ ወንዙ በኩል ጥቂት ራመድ አልኩ። ስመለስ መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ። ክርት፣ ክርት፣ ላም ሳር ስትነጭ። ልቤ ባሕር ዳር ሄዶ መጣ። ከዚያ እዚህ ላም እንደሌለ ትዝ አለኝ። ባትሪዬን አበራሁ። ያላለቀ የጭቃ ቤት የመሰለ ጀርባ፣ እርጥብ። ጆሮው ብቻ ይርገበገባል። ከኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ወንዙ ደግሞ ከኋላዬ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ እኮ። ጉማሬ ከቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፣ ማታ እየወጣ 40 ኪሎ ያህል ሳር ይበላል፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ለፈተና ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ያን ሰዓት አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ የእማማ ድምፅ ነው። ደንገል ልንቆርጥ ሐይቁ ዳር አምሽተን ስንመለስ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፦ «አንች ልጅ፣ ከሱና ከውሃው መሃል አትቁሚ ብያለሁ! እሱ የሚሻው ቤቱን ነው። መንገዱን ከለቀቅሽለት ካንች ምን አለው?»

ባትሪውን አጠፋሁ። ወደ ጎን፣ ወደ ጎን፣ በጨለማ። እሾህ ወጋኝ፣ አልጮህኩም። የአንድ ግራር ግንድ ጀርባዬን ነካው፣ እዚያው ቆምኩ። ማኘኩ ቆመ። ከዚያ ኮቴው፣ ለዚያ ገላ የማይመስል ቀስ ያለ ኮቴ፣ በፊቴ አልፎ ወረደ። ውሃው ሲቀበለው ሰማሁ።

ጠዋት ሬንጀሩ ዱካውን አሳየኝ። ያቺ የተደላደለች መንገድ የሱ ናት፣ ማታ ማታ የሚመላለስባት። ድንኳኔን የተከልኩት ከዳሯ አንድ ስንዝር ነው። ዱካውን ለክቶ አራት ጣቶቹን ቆጠረልኝ፣ ከዚያ «ወደ ጎን ዞር ማለትን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«እናቴ» አልኩት።

ዓመቱን ሙሉ አላለቀስኩላትም ነበር። ያን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፏፏቴው እስከ ማሲንዲ፣ መነጽር አድርጌ አለቀስኩ። ማሲንዲ ስደርስ ስልኬ ኔትወርክ ያዘ። ልደውልልሽ ነበር፣ በስልክ የሚሆን አልመሰለኝም።

ሙት ዓመቷ ታኅሣሥ 12 ነው አይደል? ቲኬት ቆርጫለሁ፣ በ10 ባሕር ዳር ነኝ። ሰው ሳይሰበሰብ በፊት መቃብሯ ጋ ሁለታችን ብቻ እንሂድ። ባትፈልጊም እመጣለሁ፣ ጓሮ ሽንኩርት እየላጥኩ እቀመጣለሁ።

ደግሞ የተጠበሰ ንሴኔኔ በትንሽ ብልቃጥ ይዣለሁ። እኛ ጾም ላይ ነን። ለወንድምሽ ምን እንደሆነ ሳንነግረው እንስጠው።

ያንቺው ጉሬዛ