ዝም ስትለው የሚቆም ሞተር

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባትህም ጉልበቱን ከማማረሩ በቀር ደህና ነው። ለፋሲካ መጥተህ ጀምረኸው የሄድከው፣ ከወጥ ቤት በሬዲዮ የሚታዘዘው የጉድጓዱ የውሃ ሞተር አሁን እየሠራ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንተም "እሺ እማዬ፣ ገባኝ" እያልክ ታልፈኛለህ። ስለዚህ መጻፍ መረጥኩ።

የጀመርኩት ወጥ ቤት ካለችው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከራስፕቤሪ ፓዩ ነው። ወረቀትህ ላይ "ማስተላለፊያው 17 ላይ" ይላል። እኔም የሬዲዮ ማስተላለፊያውን፣ በቦርዱ ላይ ያሉትን 40 ፒኖች (ሽቦ የሚሰካባቸውን እግሮች) ከ1 ጀምሬ ቆጥሬ፣ 17ኛው ላይ ሰካሁት። ዕድሜዋን ኤሌክትሮኒክስ ስታስተምር የኖረች ሴት ቆጠራ ይሳሳታታል? ለካ አንተ የጻፍከው ፕሮግራሙ የሚያውቀውን ቁጥር ነው፤ እሱ በቦርዱ ላይ 11ኛው ፒን ነው። 17ኛው ፒን ያለማቋረጥ 3.3 ቮልት የሚሰጥ የኃይል መስመር ነው። ማስተላለፊያው መልእክት በመላክ ፋንታ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በ433.92 ሜጋኸርዝ ሲጮህ ዋለ። ይህን ያወቅኩት ጎረቤታችን ሻለቃው የመኪናቸው ቁልፍ ከርቀት አልከፍት ብሏቸው ሁለት ጊዜ ባትሪ ከቀየሩ በኋላ ነው። ብዙ የመኪና ቁልፎች የሚሠሩት በዚያው ሞገድ ነው። ቡና ጠርቼ ካስኳቸው፤ ስለ ፒኑ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከእንግዲህ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍ፣ የቦርዱንም የፕሮግራሙንም።

ጉድጓዱ ዘንድ ባለው ትንሹ ቦርድ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ጠበቀኝ። የሬዲዮ መቀበያው በ5 ቮልት ስለሚሠራ የሚያወጣው ምልክትም ወደዚያው ይጠጋል፤ አንተ ግን በቀጥታ ፒኑ ላይ ሰክተኸዋል። እነዚህ ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ እንዲገባባቸው አልተሠሩም። እስካሁን ያልተቃጠለው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሦስት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪኩን የሚገቱ) በተርታ አያይዤ ምልክቱን ከታችኞቹ ሁለቱ ላይ ወሰድኩ፤ በመልቲሜትር ስለካው 3.3 ሆነ። ሬዚስተሮቹ ከአባትህ አሮጌ ቴፕ የተነቀሉ ናቸውና ለእሱ እንዳትነግረው።

አንቴናውንም ለማማር ብለህ ጠቅልለኸው ነበር። ፈትቼ ቀጥ ያለ የ17.3 ሳንቲሜትር ሽቦ በየድኩበት። የሞገዱ ርዝመት 69 ሳንቲሜትር ነው፤ ሩቡን ቁረጥ። ከወጥ ቤት እስከ ጉድጓዱ ያለው 60 ሜትር አሁን አያስቸግረውም።

አንድ ነገር ግን ደስ አሰኝቶኛል። ሪሌዩን፣ ያንን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ በቀጥታ ፒኑ ላይ አልጫንከውም፤ በትንሽ ምልክት ትልቁን በሚያዘው በትራንዚስተር በኩል አድርገኸዋል፤ ሪሌዩ ሲጠፋ የሚመለሰውን ምት የሚያስቀረውን ዳዮዱንም አልረሳህም። ፒን መልእክት የሚያደርስ ልጅ እንጂ ድንጋይ የሚሸከም ጎረምሳ አይደለም እልህ የነበረውን ይዘኸዋል ማለት ነው። ፒኑ ቢበዛ 16 ሚሊ አምፔር ይችላል፤ ያ ሪሌይ 70 ገደማ ይፈልጋል። ሞተሩን ራሱን እንዲያነሳ ደግሞ ከሪሌዩ በኋላ ኮንታክተር፣ ትልቅ ኃይል የሚችል ማብሪያ፣ ጨመርኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሮቶው ሞልቶ ሽንኩርቴን ወደ ወሰደው ሌሊት።

ፕሮግራምህ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ "ተነሳ" እና "ቁም"። ማታ ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ ተነሳ። ሳጠፋው ወጥ ቤት ያለው መብራት ጠፋ፤ እኔም ቆመ ብዬ ተኛሁ። "ቁም" የሚለው ግን አልደረሰም ነበር። የሞተሩ የኤሌክትሪክ ብጥብጥ ይሁን፣ ኮምፒውተሩን የሚመራው ሊኑክስ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥራ ይዞ ይሁን እንጃ። አንዷ የምልክት ምት 350 ማይክሮ ሰከንድ ናት፤ ኮምፒውተሩ ለአፍታ ዞር ቢል ታመልጠዋለች። አንተ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምትልከው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አባትህ "ዝናብ ነው እንዴ?" ብሎ ቀሰቀሰኝ።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ስህተቱ የሬዲዮው አይደለም፤ ሬዲዮ መልእክት መጣሉ ያለ ነው። ስህተቱ ዝምታን የተረጎምክበት መንገድ ነው። "ካልደወልኩ ደህና ነኝ ማለት ነው" ትለኛለህ አይደል? ሞተሩንም እንደዚያው አስተምረኸዋል፤ ምንም ካልሰማ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ገለበጥኩት። አሁን "ቁም" የሚል ቃል የለም። ማብሪያው እስከተጫነ ድረስ ወጥ ቤት ያለው ቦርድ በየ5 ሰከንዱ "ቀጥል" ይላል፤ እያንዳንዷን "ቀጥል" ደግሞ አሥር ጊዜ ይደግማታል። ጉድጓዱ ዘንድ ያለው ለ20 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ሞተሩን ያጠፋል። አንቴናው ቢሰበር፣ ወጥ ቤት መብራት ቢጠፋ፣ አይጥ ሽቦ ብትበላ፣ ሁሉም መጨረሻው መቆም ነው። ሰምቶም ቢሆን ከ40 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ከለከልኩት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረውንም አስብበት። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ፕሮግራምህን እስኪከፍት ድረስ ፒኑ የማንም አይደለም፤ ትራንዚስተሩ ማንን እንደሚሰማ አያውቅም። ትእዛዝ ከሚቀበልበት እግሩ፣ ከቤዙ፣ ወደ ግራውንድ (ወደ ዜሮ ቮልቱ መስመር) የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየድኩለት፤ የሚያዘው እስኪመጣ ድረስ ጠፍቶ ይጠብቃል። በዋናው ማከፋፈያ ላይ መብራቱን እያጠፋሁና እያበራሁ ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩት፤ አንድም ጊዜ አልተነሳም።

ያ ሁሉ ማጥፋትና ማብራት ግን የጉድጓዱን ሚሞሪ ካርድ ገደለው። ለጊዜው የአባትህን የስልክ ሚሞሪ ካርድ አውጥቼ ፕሮግራሙን ጭኜበታለሁ፤ የሠርጋችሁ ፎቶዎች እኔ ዘንድ ተቀምጠዋል፣ አትደንግጥ። እሱ ገና አላወቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ አዲስ ካርድ ይዘህ ና፣ ከመግባትህ በፊትም ኪስህ ውስጥ ደብቀው።

እናትህ