አንሶላውን ለምን ደበቅሽኝ?

የኔ እናት፣

ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብቅ ብል መብራት እንኳን ሳታበሪ ጎንበስ ብለሽ አንሶላ ታጥቢያለሽ። እንዳታፍሪ ብዬ እንዳላየ ተመለስኩ፤ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊት ለፊት ካወራሁሽ «ምንም የለም» ብለሽ እንደምታልፊኝ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ።

እኔም በአንቺ ዕድሜ የወር አበባዬ ሲመጣ እንደዚሁ ነበርኩ። ሁለት ሞዴስ ደርቤ፣ ከሥሬ ወፍራም ጨርቅ አንጥፌ ነበር የምተኛው። ለእናቴ ስነግራት «የኛ ዘር ደሙ ብዙ ነው» አለችኝ፣ እሷም ከእናቷ የሰማችውን መሆኑ ነው፣ እኔም አምኜ ቁጭ አልኩ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። በረዶ መቆርጠም ያምረኛል። አንቺን አርግዤ ስመረመር ነው ደም ማነስ እንዳለብኝ የተነገረኝ። ያ የበረዶ አምሮት ራሱ ብረት ሲያንስ የሚመጣ ነገር እንደሆነም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ያን ሁሉ ዓመት ሰነፍ ነኝ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ፣ ልጄ።

አንድ ሴት በአንድ የወር አበባ የሚፈሳት ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በይው። ከ80 ካለፈ ብዙ ነው ይባላል። የምታዪው ሁሉ ደም እንዳይመስልሽ፤ ግማሽ ያህሉ ከማህፀን የሚላቀቅ ሽፋንና ሌላ ፈሳሽ ነው። ደግሞስ ማን ይለካዋል? ሐኪሞችም ዛሬ ከሚሊ ሊትሩ ይልቅ የሚጠይቁት ኑሮሽን ምን ያህል እንዳወከው ነው።

እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ። ሞዴስሽ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሞላል? ለመቀየር ሌሊት ትነሻለሽ? ከ7 ቀን ያልፋል? የረጋ ደምስ ይወጣል? ትንንሹ አያስጨንቅም። ደሙ በዝግታ ሲወርድ ሰውነት እንዳይረጋ ያደርገዋል፣ በኃይል ሲመጣ ግን አይደርስበትም፣ ያኔ ነው ጓል የሚሆነው። 2.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የአውራ ጣትሽ ጫፍ ያህል በይው፣ ንገሪኝ።

በአንቺ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሆርሞን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንቁላል በየወሩ ላይለቀቅ ይችላል፤ እንቁላል ካልተለቀቀ የማህፀኑ ሽፋን ልክ ሳይኖረው ይወፍርና ሲወርድ በብዛት ይወርዳል። ይሄ ከጊዜ ጋር ይስተካከላል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጥርስሽን ያስነቀልሽ ቀን ደሙ እስከ ማታ አልቆም ብሎ ጥጥ ስንቀያይር አልነበር? ነስርሽስ? ደም በቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ ችግር አለ፣ ቮን ዊልብራንድ ይባላል። ስሙ የመጣው በ1926 (እንደ ፈረንጆቹ) ስለ አንድ ቤተሰብ ከጻፈው የፊንላንድ ሐኪም ነው። ከዚያ ቤተሰብ አንዷ ልጅ አራተኛ የወር አበባዋ ላይ ደም ፈሷት ሞታለች። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ያኔ ችግሩ ገና ስም እንኳን አልነበረውም፣ ዛሬ ግን በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሕክምናም አለው። ለዚህ ነው «የኛ ዘር» የሚለው ወሬ የሚያበሳጨኝ። ዘር ከሆነማ ለሐኪም የሚነገር እንጂ ዝም የሚባልበት ነገር አይደለም!

መፍትሔው ብዙ ነው። ደሙ እንዲቀንስ የሚያደርግ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን አለ፣ የሆርሞን መድኃኒትም አለ፤ የትኛው እንደሚሆንሽ ሐኪሟ ትወስናለች። ብረቱ ካነሰ የአይረን ኪኒን ይሰጡሻል። እሱን ከሻይና ከቡና ጋር አትውሰጂው፣ ሥራውን ያበላሹታል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከኪኒኑ ነው። እስከዚያ ግን ለቁርጠቱ አስፕሪን እንዳትነኪ፣ ደም ያበዛል። በየሰዓቱ ሞዴስ እየሞላ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ራስሽን ካዞረሽ፣ ስንት ሰዓትም ቢሆን ቀስቅሺኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ከሥራ አስፈቅጃለሁ። አብሬሽ እንድገባ ካልፈለግሽ ውጪ እጠብቅሻለሁ፣ አልቀየምም። እስከዚያ በቀን ስንት ሞዴስ እንደቀየርሽ ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

አንሶላውን ተይው፣ እኔ በቀዝቃዛ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ሙቅ ውሃ እድፉን ያጣብቀዋል። ዛሬ ሌሊት ከተነሳሽ ደግሞ መብራቱን አብሪው።

እናትሽ